ሽማግሌዎች የተደራደሩበት ድራይቨር

ሽማግሌ የሚላከው ልጃገረድ ለመጠየቅ ነው፤ የተጣላ ለማስታረቅ ነው፤ ግፋ ቢል አከራይን ለመለማመጥ ነው። የኮምፒዩተር ድራይቨር ስህተት እንዲነግሩለት ሽማግሌ የላከ ሰው ካለ ግን እባካችሁ ጠቁሙኝ፤ ብቻዬን መሆን ሰልችቶኛል። እኔ ልኬያለሁ። ሦስት ሽማግሌ፣ ያውም ነጭ በነጭ አስለብሼ። ነገሩ የሆነው ካርቱም ገና ሰላም ሳለች፣ ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት በነበረው ዓመት ነው። ዛሬ ሳወራው ሰው ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ያን ሰሞን ግን የሚያስቅ አልነበረም።

መጀመሪያ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ኤልያስ እባላለሁ። ወላጆቼ ከጎንደር ተነሥተው ካርቱም የገቡ ናቸው፤ እኔ ተወልጄ ያደግሁት ዴም በሚባለው ሰፈር ነው። የምሠራው ሱቅ ዐረቢ ከሚባለው ገበያ አጠገብ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለች ትንሽ ድርጅት ውስጥ ነበር። ለክሊኒኮችና ለመድኃኒት ቤቶች ኮምፒዩተርና ልዩ ልዩ መሣሪያ እንገጥማለን። የኔ ሥራ ግምገማ ነው። ግምገማ ስላችሁ የስብሰባውን አይደለም፤ የድራይቨር ግምገማ ነው።

እንዲህ ነው ነገሩ። በኮምፒዩተር ሆድ ውስጥ ከርነል የሚባል ዋና አዛዥ አለ። ድራይቨር ደግሞ አንድን መሣሪያ ከከርነሉ ጋር የሚያነጋግር አስተርጓሚ ነው። ይህ አስተርጓሚ ከከርነሉ ጎን ስለሚቀመጥ እሱ ሲሳሳት ማሽኑ በሙሉ ቀጥ ይላል። ስለዚህ አንዱ የጻፈውን ድራይቨር ሌላው መስመር በመስመር አንብቦ፣ «አይቼዋለሁ» ብሎ ስሙን ከሥሩ ካላኖረ የትም አይገጠምም። በዚህ ሙያ ደግሞ ወግ የሚባል ነገር የለም። ጤና ይስጥልኝ አይባልም፣ ቤተሰብ እንዴት ነው አይባልም። «ይህ ስህተት ነው» ተብሎ ይጻፋል፣ ነጥብ። ይህ አጻጻፍ እኔን በጣም ተስማምቶኝ ነበር። ያን ጊዜ ከራሴ በቀር የማደንቀው ሰው አልነበረኝም፤ ኮዱን ጥዬበት ያላኮረፈኝ ባልደረባም አልነበረም።

አንድ ሰው ብቻ እፈራ ነበር፤ የሰናይትን አባት። ሰናይት ጀሪፍ በሚባል ሰፈር ባለ የሕፃናት ክሊኒክ ነርስ ናት፤ ሁለት ዓመት አብረን ሻይ ጠጥተናል። አባቷ ጋሽ አስፋው ዕድሜያቸውን በኤሌክትሮኒክስ ያሳለፉ ኢንጂነር ናቸው። ሐበሻውም ሱዳኑም «ባሽሙሃንዲስ» እያለ ነው የሚጠራቸው፤ ኢንጂነር ማለት ነው። እጃቸው ወርቅ ነው፤ አንደበታቸው ግን ሌላ ነው። አንድ ሰርግ ላይ የድምፅ ማጉያውን ገመድ አዙረው እንደ ሰኩ የነገራቸውን ሰው እስከ ዛሬ ሰላም አይሉትም ይባላል። እኔ ደግሞ የፊታችን ዓርብ እኚህ ሰው ቤት ሽማግሌ ልልክ ተሰናድቻለሁ።

ረቡዕ ጠዋት አለቃዬ ሳልማ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመች። የጀሪፉ ክሊኒክ መሣሪያ እሁድ እንደሚገጠም፣ ድራይቨሩ እንደ ደረሰ፣ እስከ ቅዳሜ አይቼ ስሜን እንዳኖርበት ነገረችኝ። መሣሪያው በአየር ላይ ያለውን አቧራ የሚለካ ሴንሰር ነው። በክሊኒኩ አስም ያለባቸው ልጆች የሚተኙበት ክፍል አለ። ሀቡብ ሲነሣ፣ ያ ሰማዩን ሸፍኖ የሚመጣው የካርቱም አቧራ፣ ስክሪኑ ላይ ያለው አረንጓዴ ወደ ቀይ ይለወጣል፣ ማሽኑም ይጮኻል። ያኔ ነርሶቹ መስኮት ይዘጋሉ፣ ማጣሪያውን ያበራሉ፣ ልጆቹን ወደ ውስጠኛው ክፍል ያስገባሉ። ድራይቨሩን ማን እንደ ጻፈው ስጠይቃት ሳልማ ክሊኒኩ ራሱ ያገኘው ሰው ነው አለችኝ። ፋይሉን ከፍቼ ስሙን ሳነብ የያዝኩት ሻይ ትን አለኝ። ጋሽ አስፋው ናቸው።

ለማድነቅ ተዘጋጅቼ ነበር ማንበብ የጀመርኩት፤ እውነትም የሚደነቅ ነው። ንጹሕ ነው፣ ሥርዓት አለው። ስድስት ጥቃቅን ነገር አገኘሁ፤ የተረሳ ማብራሪያ፣ የተዛነፈ መስመር፣ የዚህ ዓይነት። ሰባተኛው ጋ ስደርስ ወንበሬን ወደ ኋላ ገፋሁ። ጥቃቅን አይደለም። ማሽኑን ቀጥ አድርጎ የሚያቆም ነው፤ ያውም አቧራው ሲበዛ። እስቲ አስቡት፤ አቧራ ሲመጣ የሚሞት የአቧራ መለኪያ። ሲሞት ደግሞ ስክሪኑ በነበረበት ይቀራል። አረንጓዴ ከነበረ አረንጓዴ ነው።

እንግዲህ ጉዱን ተመልከቱ። ስሜን ባኖር ሰናይት በምትሠራበት ክፍል ውስጥ የሞተ ማሽን «አየሩ ንጹሕ ነው» እያለ ይቀመጣል። ባላኖር ደግሞ ጋሽ አስፋው ሽማግሌዎቼን ከደጅ ይመልሷቸዋል። ይህን ልቤ ላይ የተጻፈ ያህል አውቀዋለሁ። አስተያየቴን ለመጻፍ ሞከርኩ። እንደ ልማዴ «ይህ ስህተት ነው» ብዬ ጀመርኩና አጠፋሁት። «ክቡር ጋሽ አስፋው፣ እንደምን ሰነበቱ፣ በሰባ አራተኛው መስመር ላይ...» ብዬ ጀመርኩ፤ እሱም የሞት መርዶ መሰለብኝና ተውኩት።

ማታ እራት ላይ እናቴ ምን ሆነህ ነው ብላ አፋጠጠችኝ። ነገርኳት። ከርነሉን ዘለለችውና ፍሬ ነገሩን ያዘች።

«ለትልቅ ሰው ጥፋቱን ፊት ለፊት ልትነግረው?» አለች። «እኔ እንዲያ አድርጌ ነው ያሳደግሁህ? ሽማግሌዎቹ ዓርብ መሄዳቸው አይቀር፤ እግረ መንገዳቸውን ይንገሩልህ። እነሱ አለስልሰው ያውቁበታል።»

ብታምኑም ባታምኑም፣ ያን ሰዓት ከዚህ የበለጠ ብልህ ሐሳብ ሰምቼ የማውቅ አልመሰለኝም።

ሐሙስ ከሥራ መልስ ሦስቱን ሽማግሌዎች ጋሽ ደምሴ ሱቅ ውስጥ ሰብስቤ በርበሬው እያስነጠሰን አስተማርኳቸው። ጋሽ ደምሴ ቅመም ነጋዴና የቡድኑ አፈ ጉባኤ ናቸው። አባ ሀብተ ማርያም የእናቴ የንስሐ አባት ናቸው። ሦስተኛው ጎረቤታችን ዓም ዑስማን ናቸው፤ ዓም በዐረብኛ ጋሽ እንደ ማለት ነው፤ ሱዳናዊ ናቸው፣ ግን ዕድሜ ልካቸውን ከሐበሻ ጋር ስለኖሩ አማርኛን እንደ ራሳቸው ንብረት እንዳሻቸው ያደርጉታል። በሰፈሩ የተጣላ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ነው የሚሄደው። ዘዴያቸው አንድ ነው፤ ከዚህም ትንሽ ከዚያም ትንሽ አስቀንሶ ማጨባበጥ።

ስድስቱን ነጥቦች ቶሎ ያዙልኝ። ሰባተኛው ላይ ፊታቸው ተቋጠረ። ኮዱን ተውኩና በቤት መሰልኩላቸው። አንድ ባለቤት የጓዳውን ቁልፍ ይዞ ጓዳው ውስጥ እህል እየሰፈረ ነው እንበል አልኳቸው። የዚህ ቤት ሕግ እንግዳ ከመጣ ባለቤቱ ባለበት ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ እንግዳው ጉዳዩን ፈጽሞ እስኪወጣ ንቅንቅ አይልም። እንግዳው ደግሞ የመጣው ከዚያው ጓዳ ሊወስድ ነው። ቁልፉ ያለው በባለቤቱ እጅ ነው። እንግዳው ቁልፍ ካላገኘ አይወጣም፤ ባለቤቱ እንግዳው ካልወጣ አይንቀሳቀስም። እንደ ተፋጠጡ ይቀራሉ፣ ቤቱም በዚያው ይዘጋል። እንግዳ ያልኩት ሴንሰሩ የሚልከው የአቧራ ጥሪ ነው፤ አቧራ ሲበዛ እንግዳ ይበዛል። መፍትሔው ሁለት መስመር ነው፤ ባለቤቱ የጓዳውን ቁልፍ ከማንሳቱ በፊት የውጭውን በር ይዝጋ፣ ሰፍሮ ሲጨርስ ይክፈት።

አባ ሀብተ ማርያም ጢማቸውን እየዳበሱ እንግዳው ምን ያህል ጊዜ ውጭ እንደሚቆም ጠየቁኝ። ዓይን እስኪርገበገብ እንኳ አይሞላም አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ፊታቸው ግን አልተፈታም። ያኔ ማሰብ ነበረብኝ፤ እኔ ግን በምሳሌዬ ማማር ተደስቼ ነበር።

ዓርብ፣ ዓም ዑስማን ጁምዓ ሰግደው እንደተመለሱ፣ ሦስቱ በአምጃድ ተጭነው ጀሪፍ ወደሚገኘው የጋሽ አስፋው ቤት ሄዱ። አምጃድ በካርቱም ሰው የሚያመላልስ ትንሽ ቫን ነው። እኔ ዴም ቁጭ ብዬ ከርከዴ በሚባለው ቀይ ሻይ ላይ ሻይ እየደረብኩ ጠበቅኋቸው። ሲመለሱ ከሩቅ ይስቁ ነበር። ዓም ዑስማን ገና ከመኪናው ሳይወርዱ «ኸላስ፣ ተጨረሰ» አሉኝ፤ «ልጅቷም ተሰጠች፣ ድራይቨርም ታረቀች።»

ጋሽ ደምሴ በሥርዓቱ ተረኩልኝ። ጋሽ አስፋው ልጃቸው ስትጠየቅ በደስታ ተቀብለዋል። የድራይቨሩ ነገር ሲነሣ ግን ገና ሁለተኛው ነጥብ ላይ ተቆጥተው ተነሥተዋል። ያኔ ዓም ዑስማን ገቡበት። አንተም ልጁን አታስቀይም፣ ልጁም አንተን አያስቀይም፤ ከሰባቱ ስድስቱን አንተ ተቀበል፣ አንዱን እሱ ይተውልህ አሏቸው። ጋሽ አስፋው ትንሽ አንገራገሩና ተስማሙ፤ ተሳሳሙ፣ ተመረቁ፣ የጾም በያይነቱ ቀረበ።

«የትኛውን ነው የተዋችሁት?» አልኩ።

«ያችን የበሯን» አሉ አባ ሀብተ ማርያም፤ ረጋ ብለው። «እኔ ነኝ ትቅር ያልኩት። ልጄ፣ እንግዳ ሲመጣ በር ይዘጋ እያልን ሰው ቤት ገብተን ልጅ እንጠይቅ? እኛ ራሳችን እኮ እንግዶች ነበርን።»

ምን እላቸዋለሁ? ስድስቱን የማይረቡ ነጥቦች አሸንፈውልኝ፣ ልጆችን ሊገድል የሚችለውን አንዱን መርቀው ሰጥተውታል። ይህ ሳያንስ በኔ ስም ቃል ገብተዋል። ቅዳሜ ስሙን ያኖራል ብለዋል፤ ጋሽ አስፋውም በዚህ ላይ ልጄን ሰጥቻለሁ ብለዋል። ስሜን ካላኖርኩ የሦስት ሽማግሌ ቃል አጠፍኩ ማለት ነው፤ በኛ ሰፈር ደግሞ ይህን ያደረገ ሰው ሚስት ቀርቶ ሰላምታም አያገኝ።

ለሰናይት ደወልኩ። «ተስማማችሁ አሉ» አለችኝ፤ ድምፅዋ ደስታም ቁጣም የለበትም። ሁሉንም ነገርኳት። ሰማችኝና እንዲህ አለች፤ «እሁድ ያ ማሽን የሚቀመጠው እኔ ክፍል ነው። ከሥሩ ስምህን ካየሁ አምነዋለሁ። እንግዲህ አንተ ታውቃለህ።» ዘጋችው።

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹን ተመልሳችሁ ሂዱልኝ ብዬ ለመንኩ። ሽማግሌ የጨረሰውን ልጅ አያፈርሰውም አሉኝ፤ ጋሽ ደምሴማ ፊታቸውን አዞሩብኝ። ስለዚህ ላፕቶፔን ይዤ ራሴ ወጣሁ። ሽማግሌ የላከ ልጅ ቀለበት ሳይታሰር የልጅቷ ቤት እግሩን አያነሣም፤ ነውር ነው። ነውሩን እያወቅሁ የዓም ዑስማን ዘመድ በሚነዳው አምጃድ ላይ ስወጣ ሦስቱም ከኋላዬ ገብተው ተቀመጡ። ስምምነታቸውን ሊጠብቁ ነው።

ጋሽ አስፋው በሩን ከፍተው እኔን አዩ፣ ከኋላዬ ሽማግሌዎቹን አዩ።

«ሽማግሌ ልከህ ራስህም መጣህ?» አሉ። «ከሁለት አንዱ ትርፍ ነው።»

አንዴ መጥቻለሁ። «ጋሽ አስፋው፣ ትናንት የተተወችው ነጥብ የምትተው አይደለችም» አልኩ። «እሷ ካልተስተካከለች ስሜን አላኖርም። የመጣው ይምጣ።»

«ይህችን ለመናገር ነው ሦስት ትልቅ ሰው ያንከራተትከው?» አሉና ገብተን እንድንቀመጥ በእጃቸው አመለከቱ። ከዚያ የራሳቸውን መከራከሪያ አመጡ፤ ጠንካራ መከራከሪያ ነው። ድራይቨሩን ሁለት የሀቡብ ወቅት ሙሉ ሞክረውታል፤ አንድም ቀን አልቆመም። ዳንቴል የለበሰ አሮጌ ኮምፒዩተራቸውን፣ ሴንሰሩ እንደ ተሰካበት፣ ገለጥ አድርገው አሳዩኝ። እኔም እዚያው ነገሩ ገባኝ። ያ ኮምፒዩተር አንድ አንጎል፣ ማለትም አንድ ፕሮሰሰር ብቻ ያለው የድሮ ማሽን ነው። እንዲህ ባለ ማሽን ላይ ከርነሉ እነዚያን የጓዳ ቁልፎች ጭራሽ አያስቀምጣቸውም፤ ሁሉ ክፍት ስለሆነ ባለቤትና እንግዳ አይፋጠጡም። ክሊኒኩ የሚገባው ማሽን ግን እንደኔ ላፕቶፕ ባለ አራት አንጎል ነው። ይህን ስነግራቸው አልተቆጡም። «አሳየኝ» አሉ ብቻ።

ለማሳየት አቧራ ያስፈልጋል፤ ሀቡብ ደግሞ ሲጠሩት አይመጣም። መላውን ያገኙት ዓም ዑስማን ናቸው፤ ከግቢው ብርሽ አመጡ፣ ያ ከዘንባባ የተሠራ ምንጣፍ፣ በውስጡ የጀሪፍን መሬት ግማሹን የያዘ። ሳሎን መሐል፣ ከሴንሰሩ በላይ፣ ጋሽ ደምሴ በአንድ ጫፍ አባ ሀብተ ማርያም በሌላው ይዘው ወጠሩት፤ ዓም ዑስማን በከዘራቸው ይወግሩት ጀመር።

መጀመሪያ በአሮጌው ማሽን ሞከርነው። አረንጓዴው ቀይ ሆነ፣ ጮኸ፣ አልቆመም። ጋሽ አስፋው «እህ?» አሉኝ። ሴንሰሩን ወደኔ ላፕቶፕ አዛወርነው። የድርጅቱ ንብረት ስለሆነ በስስ ላስቲክ ሸፈንኩት። ዓም ዑስማን «ያላ!» ብለው ቀጠሉ። ስክሪኑ አረንጓዴ ነው። ወገሩ፤ አረንጓዴ ነው። ብርሹ አቧራው አልቆበት ይሆናል ተባለና የሳሎኑ ምንጣፍ ተነሣ፤ እሱም ተወገረ። አረንጓዴ። እኔ ከአሁን አሁን ማሽኑ ድርቅ ይላል፣ አንድ ነገር ብልጭ ይላል፣ ሰው ሁሉ ይመሰክርልኛል ብዬ ላስቲኩ ላይ አፈጥጫለሁ። ምንም የለም። ጋሽ ደምሴ በአቧራው ውስጥ አይታዩም፤ ሳላቸው ብቻ ነው የሚሰማው። የአባ ቆብ መሬት መስሏል።

«አልቆመም እኮ» አሉ ጋሽ አስፋው፤ በመሐረብ አፋቸውን ይዘው፣ ትንሽ ፈገግ እንዳሉ። ላቤ ከአቧራው ጋር ጭቃ ሆኖ ይወርዳል። ያኔ በእውነት ተጠራጠርኩ። ተሳስቼ ይሆን? የሰው ቤት ያፈረስኩት፣ ሽማግሌ ያዋረድኩት፣ ሰናይትን ያጣሁት በባዶ ሜዳ ይሆን? አንገቴን ደፋሁ። ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ከፍቼም ነበር፤ አቧራ ገባበትና ዘጋሁት።

በሩ ተከፈተ። ሰናይት ከሥራ መመለሷ ነው። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እናታችሁ ምን ትበላችሁ የሚል ፊት አሳየችንና ቀጥታ ወደ ላፕቶፑ ሄደች። ልማድ ነው፤ ነርስ ስክሪን ታያለች። ላስቲኩን በጣቷ ጠረግ አድርጋ አየችና ወደ እኛ ዞረች።

«ይሄ ነገር አየሩ ንጹሕ ነው ይላል» አለች።

ዓም ዑስማን ከዘራቸውን እንዳነሡ ቀሩ።

ቆሟል። ከመጀመሪያዎቹ ምቶች በአንዱ ቆሟል፤ እኛ ሬሳ ከብበን ነው ይህን ሁሉ ጊዜ ምንጣፍ ስንወግር የቆየነው። ይቆማል ብዬ የተሟገትኩት እኔ እንኳ መቆሙን አላየሁም። ጥፋት ጮሆ የሚመጣ መስሎኝ ነበር። ጋሽ አስፋው ላስቲኩን ገለጡና አንድ ቁልፍ ነኩ፤ ሌላም ነኩ። ምንም የለም።

«ሥራ ላይ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?» አሉ ልጃቸውን።

«ምንም። አረንጓዴ ነዋ። መስኮቱን እንደ ተከፈተ እተወው ነበር።»

አጠገባቸው ያለው ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። ያን ጊዜ አንጀቴን በሉት። የምፈራቸው ሰው አቧራ ለብሰው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ የሕፃናት ክፍል እያሰቡ ነው። ማሸነፌ ትዝም አላለኝ። ቆይተው ወንበር ስበው አጠገባቸው አደረጉና «ና ተቀመጥ፣ አሳየኝ» አሉኝ። አሳየኋቸው። የጨመርናት ሁለት መስመር ናት፤ አንዷ በሩን ትዘጋለች፣ አንዷ ትከፍታለች። አባ ሀብተ ማርያም ከትከሻችን ላይ ጎንበስ ብለው በሩ መዘጋቱ አይቀርም ወይ ብለው ጠየቁ። ጋሽ አስፋው «ይዘጋል አባ፤ ለእንግዳው ሲባል ነው» አሏቸው። አባም እንዲያ ከሆነ ግድ የለም አሉ።

ምንጣፉ እንደገና ተነሣ። በዚህኛው ጊዜ ገና በሁለተኛው ምት አረንጓዴው ቀይ ሆነ፣ ማሽኑም ጩኸቱን ለቀቀው። እያሳሉ የሚስቁ አራት ሽበታሞችን አስቡ። እዚያው ቁጭ እንዳልኩ ከጋሽ አስፋው ስም ሥር ስሜን አኖርኩ።

ጋሽ አስፋው ግን አልጨረሱም። ትናንት የተስማማንበት ፈርሷል፤ ከመጣችሁ አይቀር እንደ አዲስ ጠይቁ ብለው ሽማግሌዎቹን አቆሟቸው። ጋሽ ደምሴ ዱቄት የተነሰነሰበት ዳቦ መስለው ተነሡ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ «ልጃችንን ከልጆችዎ እንደ አንዱ ያድርጉልን ብለን...» ሲሉ አስነጠሳቸው። ጋሽ አስፋው አላስጨረሷቸውም። እኔ እሺ ብያለሁ አሉ፤ ግን ዛሬ እዚህ ቤት ውስጥ ዓይን የነበራት እሷ ናት፣ መልሱን ከሷ ስሙ።

ሁሉም ወደ ሰናይት ዞረ። እሷ ወደኔ ዞረች።

«ኤልያስ፣ እናትህን አማከርክ፣ ሽማግሌ ላክህ፣ ዛሬ ደግሞ አባዬን ራስህ መጥተህ አነጋገርክ» አለች። «እኔን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

አእምሮዬን በረበርኩት። ከወር በፊት ሪክሻ የምንለው ባጃጅ ውስጥ ሆነን ሽማግሌ ልልክ ነው ብያታለሁ። እሷ መንገዱን ታይ ነበር፤ ዝምታዋን እሺ ብዬ መዝግቤ ወደ ቀጣዩ ሥራ አለፍኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ አልጠየቅኋትም። የሰው ኮድ ውስጥ ያልተጠየቀ ነገር ሳገኝ የምጮኸው ሰውዬ!

በሦስት ሽማግሌና በአንድ አባት ፊት፣ ጥርሴ ውስጥ አሸዋ እየተንቀጫቀጨ፣ «ሰናይት፣ ታገቢኛለሽ?» አልኩ። አባ ሀብተ ማርያም ወደ ጣሪያው አዩ።

«ሂድ ፊትህን ታጠብ» አለችኝ፤ «ከዚያ እነግርሃለሁ።»

ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ሥር ጎንበስ ብዬ ታጠብኩ፤ ታጠብኩ፤ አቧራው አያልቅም። ሳሙና ዓይኔ ገብቶ ስደናበር እጄ ላይ ፎጣ አረፈ። «እሺ» አለች፤ ከጎኔ ናት። «ግን ከእንግዲህ በኔና ባንተ መካከል መልእክተኛ እንዳታስገባ።»

እነሆ እንግዲህ ገጠመኜ። ማሽኑ እሁድ ተገጠመ፤ እስከ ጦርነቱ ድረስ ሀቡብ በመጣ ቁጥር ይጮህ ነበር፤ ዛሬ ያ ክፍል ምን ላይ እንዳለ አላውቅም፤ ማወቅም ያስፈራኛል። እኛ ከካርቱም ወጥተናል። ጋሽ አስፋው ዛሬም ኮድ ይጽፋሉ፣ እኔም አያለሁ። አሁን ግን አስተያየቴን ከመጻፌ በፊት እደውላለሁ፤ ቤተሰብ እንዴት ነው እላለሁ፤ ከዚያ «ይህ ስህተት ነው» እላለሁ። ያኮርፋሉ፤ እስከ እራት ይታረቃሉ።

አንባቢዎቼ፣ ለትልቅ ሰው ስህተቱን በሰው ማስነገር አክብሮት ይመስለኝ ነበር። ፍርሃት ነበር። ሽማግሌ ይከበርልኝ፤ ለጠብም ለፍቅርም ይላክ። ግን ሽማግሌ ሥራው ማቀራረብ ነውና በእጁ የሰጣችሁትን እውነትም አቀራርቦ ይመልስላችኋል፤ አንዳንድ እውነት ደግሞ ለሁለት ሲከፈል ግማሹ እንኳ አይተርፍም። ሰናይት ይህን ጽሑፍ ከመላኬ በፊት አንብባዋለች። ሁለት ቦታ አርማኛለች፣ አንድ ቦታ «ይህ ውሸት ነው» ብላኛለች፤ ቀጥታ፣ ፊቴ ላይ፣ ሩዝ እየበላሁ። አስተካክያለሁ።